ክቡር ኢንጂነር ሙናዊርና የበርበሬ በረንዳ ሳል

ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ የሚያመው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የቤታችሁ በር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል፤ ማንም ቅሬታ አቅርቦበት አያውቅም። እሱ ግን ለለቅሶም ሆነ ለሰርግ ሲመጣ ደፉ ላይ ይቆምና በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋዋል። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጠዋል። ከዚያ እንደ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። በሚቀጥለው ሳምንት በራችሁ ወደ ጎን መከፈቱ ቀርቶ ወደ ላይ የሚከፈት ይሆናል።

የኛ ሰፈሩ ሙናዊር ከድር ይባላል። እኔ ግን በማዕረጉ ክቡር ኢንጂነር እለዋለሁ፤ ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ምናለሽ ተራ ነው። ቦታውን ለማታውቁት፣ ምናለሽ ተራ ማለት የቀረው አዲስ አበባ «በቃ፣ አለቀለት» ብሎ የጣለው ብረት ሁሉ ተሰብስቦ መርካቶ የሚገባበት፣ ከጠዋት ጀምሮ በመዶሻ የሚቀጠቀጥበት፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ላሜራው መጥበሻ ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። እኔ እዚያው ጫፍ ላይ ድስት፣ ማንቆርቆሪያና ወንፊት እሸጣለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ለአንድ ጋዜጣ እንዲህ ያለ ነገር እጽፋለሁ። የኔን ሱቅና የክቡር ኢንጂነርን ወርክሾፕ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ስለ ፈጠራ ከአእምሮዬ ይልቅ ጆሮዬ የተማረ ነው።

ሰውየው አጠር፣ ሞላ ያለ ነው። ከጆሮው ላይ እርሳስ፣ ከኪሱ ካቻቢቴ አይለየውም። አንድ አባባል አለችው፦ «ማን አለ እንዲህ ይሁን ብሎ?» ይህችን ሲናገር ከሰማችሁ ዕቃችሁን ደብቁ።

አንድ ቀን ከሱቄ ማንቆርቆሪያ አንሥቶ አገላበጠው።

«ጴጥሮስ፣ ይሄ ነገር ውኃው ሲፈላ ለምንድነው ዝም የሚለው?»

«ማንቆርቆሪያ ስለሆነ ነዋ።»

«ማን አለ ማንቆርቆሪያ ዝም ይበል ብሎ?»

በሦስተኛው ቀን የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ ይዞልኝ መጣ። ፉጨቱን ያመጣው ከአንድ አሮጌ አውቶብስ ፍሬን ላይ ነው። ውኃው ሲፈላ ጎረቤት ሻይ ቤት የተቀመጡ ሰዎች «መኪና መጣብን!» ብለው ወንበር ጥለው ተነሡ። ያን ማንቆርቆሪያ የገዛኝ የለም። አሁንም ላይኛው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሲያዩኝ የሚያፌዙብኝ ደንበኞች ዋጋውን ይጠይቁኛል።

ቀጥሎ ሌባ የማይከፍተው ጓጉንቸር ሠራልኝ። ቃሉን ጠብቋል፣ ሌባ አልከፈተውም። እኔም አልከፈትኩትም። ሱቄ ሁለት ቀን ተዘግቶ ከረመ። በመጨረሻ ብረቱን ቆርጦ ያስገባኝ ራሱ ክቡር ኢንጂነር ሲሆን፣ ላቡን እየጠረገ «ጥንካሬውን አየህ አይደል?» አለኝ።

ለተሸካሚዎች ትከሻ ላይ የሚታሰር ጃንጥላ የሠራበትን ክረምት ባልተርከው ይሻላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ሰውየው ሁለት እጁ ጆንያ ይዞ ራሱ እንዳይረጥብ ነው። የሐምሌ ነፋስ ግን አልተማከረም። አንዱን ተሸካሚ ከነጭነቱ ይዞት ወደ አውቶብስ ተራ አቅጣጫ ሲሄድ ያየን ሰዎች ዛሬም ድረስ በሕይወት አለን።

ባለቤቱ ሀጅራ አንድ ቀን ሱቄ ተቀምጣ «ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጋራዥ ነው ያገባሁት» ብላኛለች። ይህን ስትል ግን እየሳቀች ነበር፤ የያዘችውም ቅርጫት ሥሩ ጎማ ያለው፣ በገመድ የሚጎተት ነበር። ወደ ቤቷ ስትሄድ በመንገዱ ያለ ሴት ሁሉ ዞሮ አየው። እኔም አየሁት። ያኔ ግን ስለሱ መጻፍ አልመጣልኝም። የሚያስቀኝ እንጂ የሚሠራው ነገር አይታየኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እትዬ የሺ እዚያው መርካቶ፣ የበርበሬው ገበያ በርበሬ በረንዳ ውስጥ በርበሬ ሲቀነጥሱ ሃያ ሁለት ዓመት የቆዩ፣ ከጎጃም የመጡ ሴት ናቸው። ዛላው ከገጠር በጆንያ ይመጣል። ሴቶቹ መሬት ላይ ተከባብበው ይቀመጡና አንድ በአንድ እያነሡ እንጨቱን ይቀነጥሳሉ፣ የሻገተውን ይለያሉ፣ ደህናውን ወደ ወፍጮ ይሸኛሉ። ስንትና ስንት ቤት የሚበላው ወጥ በነሱ ጣት ያልፋል። ከዛላው የሚነሣው ቡናኝ ደግሞ በነሱ አፍንጫ ያልፋል።

አንድ ጠዋት እትዬ የሺ ወንፊት ሊገዙ ሱቄ መጡ። ዋጋ ሊከራከሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ቀደማቸው። ሳሉ አልቆም አለ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው፣ አልቆመም። ከቆርቆሮው ወዲያ ይቀጠቅጥ የነበረው መዶሻ ጸጥ አለ፤ ሙናዊር ሱቄ በር ላይ ብቅ አለ።

«እትዬ የሺ፣ ምን ሆነው ነው?»

«በርበሬው ነዋ፣ ወንድሜ» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ሐኪሙ በርበሬውን ካልተውሽ ሳንባሽ አይመለስም ብሎኛል። ትቼ የት ልሂድ? እጄ የለመደው ሌላ ነገር የለም።»

«ሌሎቹንስ ያስላቸዋል?»

«የማያስላት ማን አለች? ያቺ ማሂራ በሃያ ስድስት ዓመቷ ከኔ ብሳ ታስላለች።»

ሙናዊር እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ማን አለ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በርበሬ ሲቀነጠስ ሰው ይሳል ብሎ?»

እኔ በልቤ «አለቀልን» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቆርቆሮው ወዲያ ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ ተቀጠቀጠ። ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ የወጣ ከበሮ የመሰለ ነገር፣ ከጭነት መኪና የተነሣ ቬንትሌተር፣ ከአሮጌ ወፍጮ የተነቀለ ሞተር፣ እነዚህን ሁሉ የሚያያይዝ ቺንጋ። ሲያልቅ ክቡር ኢንጂነር ሸሚዙን ለውጦ በየሱቁ እየዞረ ጠራን። «ቅዳሜ በአራት ሰዓት፣ በርበሬ በረንዳ አፍ ላይ» አለ። ቅዳሜ መርካቶ ውስጥ መርፌ መጣያ የሌለበት ቀን ነው። ሌላ ቀን ይሁን ብዬ ለመንኩት። «ሰው ካላየው ምን ዋጋ አለው?» አለኝ።

ሰው አየው።

እትዬ የሺ፣ ማሂራና ሌሎቹ ሴቶች ከማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ሶኬቱ ተሰካ። ለአምስት ሰከንድ ያህል ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ከዚያ ማሽኑ ከዛላው ላይ ያለውን ቡናኝ በሙሉ ጠራርጎ፣ ልክ እንደታሰበው ከሴቶቹ አፍንጫ አርቆ፣ ለቀረው የመርካቶ ሕዝብ አፍንጫ አከፋፈለው።

ቀይ ደመና በመንገዱ ወረደ። የመጀመሪያው ሰው አስነጠሰው። «ይማርህ!» ያለው ሰው «ያኑርህ» ሳይባል እሱንም አስነጠሰው። ክርስቲያኑ በራሱ፣ ሙስሊሙ በራሱ ቋንቋ ምሕረት ሲለምን ትንሽ ቆየና ለማኝም ጠፋ፤ ሁሉም አስነጣሽ ሆነ። ዳር ላይ «አብነት! አብነት!» ሲል የነበረው የታክሲ ረዳት «አብ... አብ...» ላይ ቀረ፤ ተሳፋሪው የቀረውን እየገመተ ገባ። አንድ ጨርቅ ሻጭ አፍንጫውን ሊጠርግ ከትከሻው ላይ የሳበው የገዛ ሸቀጡን ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ደመናውን ከሩቅ አየና «እሳት! እሳት!» ብሎ ጮኸ። መርካቶ ውስጥ በዚህች ቃል አይቀለድም። ሰው ዕቃውን ማውጣት፣ መገፋፋት፣ መሮጥ ጀመረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ወደቀች፤ ክርኗ ተላጠ። ሙናዊር ሁሉንም ትቶ ወደሷ ሮጠ። ሶኬቱን የነቀሉት ሴቶቹን የሚያሠሩት የበርበሬ አከፋፋይ ጋሽ ኻሊድ ነበሩ፣ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው።

ሰኞ የበረንዳው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ፍርዱ አጭር ነው፦ ሙናዊር በየሱቁ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከእንግዲህ ሞተር ያለው ነገር ይዞ ወደ በርበሬ በረንዳ እንዳይደርስ። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዞረ። የወደቀችው ሴት ቤት ድረስ ሄዶ ጠየቃት፤ ደህና ነበረች፤ ሁለተኛ ቀን ሀጅራን ይዞ ተመልሶ ሄደ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ጻፍኩ። ርዕሱን አሁን ለመድገም አፍራለሁ። ጽሑፉ በጣም ተወደደ፤ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ሰው እያነበበ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሙናዊርም ጋዜጣውን ይዞ መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆምኩ።

«ጥሩ ጽፈሃል» አለኝ። «ግን ሞተሩ ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው ብለሃል። አንድ ተኩል ነው።»

ጋዜጣውን አጥፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ምድጃ ብቻ ሠራ። አንዱ ምድጃ ከሌላው አይለይም። ከቆርቆሮው ወዲያ የሚመጣው ድምፅ እኩል፣ ልከኛ፣ እንደማንኛውም ሰው ድምፅ ሆነ። ዕቃዬን አገላብጦ የሚጠይቀኝ የለም። ሃያ ዓመት የተመኘሁትን ሰላም አገኘሁ፤ ግን ሰላሙ አልጣመኝም። እሱ ላይ የሳቅኩትን ሳቅ ቁጭ ብዬ ሳስበው የሆነ ቦታ ይወጋኝ ጀመር።

በወሩ መጨረሻ እትዬ የሺ መጡ። ወደኔ አልመጡም፤ ወደሱ ነው። እኔ ግን ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

«ያ ማሽን የት አለ?»

«እትዬ፣ እባክዎ ይተዉኝ። ሰው ላይ አደጋ ላደርስ ነበር።»

«ስማኝ ልጄ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ስቀመጥ ‹ሌሎቹንስ ያስላቸዋል?› ብሎ የጠየቀ ሰው አንድ አንተ ነህ። ስላስነጠስከን አልተቀየምንም። እኛ ዕድሜ ልካችንን ስናስነጥስ ማን ጉድ አለ?»

መዶሻው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«አንድ ነገር ግን ልንገርህ» አሉ። «ነፋሱን ከኋላችን አድርገህ ገፋኸው። የተገፋ ነገር የትም ይሄዳል። እኛ አገር አውድማ ላይ እህል ስናዘራ መጀመሪያ ገለባው የት እንዲወድቅ እንደምንፈልግ እናውቃለን። አንተ አቧራውን ከኛ ስታርቅ የት እንደምታሳርፈው አላሰብክም። አትግፋው። ወደ ታች ሳበው።»

ከዚያ የእርሳስ ድምፅ ሰማሁ። ላሜራ ላይ እርሳስ ሲጫር እንደዚያ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ እትዬ የሺና ማሂራ ከሥራ መልስ ወርክሾፑ ውስጥ እየተቀመጡ አንድ ቁና ዛላ ይቀነጥሱ ጀመር። ሙናዊር ፊታቸው ተቀምጦ እጃቸውን ብቻ ያያል። ክንዳቸው የት እንደሚደርስ ለካ። ወገባቸው የት ላይ እንደሚታጠፍ ለካ። አንድ ዛላ ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ ቆጠረ። አንድ ቀን ወደ ሱቄ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ጴጥሮስ፣ እኔ ለነሱ ማሽን ስሠራ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር እኮ» አለኝ። ይህን ሲል ካፈረበት ቅዳሜ የበለጠ አፍሮ ነበር።

የሽማግሌዎቹን ክልከላ ያስነሡት እትዬ የሺ ናቸው። አሥራ አንድ ቀንጣሾችን አስከትለው ገቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ለአንድ ቅዳሜ ማስነጠስ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ለኛ የሃያ ዓመት ሳል ማን ተቀመጠ?» ከሽማግሌዎቹ አንዱ መለሱ ይባላል፤ ምን ብለው እንደመለሱ ግን የሚያስታውስ የለም።

አዲሱ ሥራ ማሽን አይመስልም። ጠረጴዛ ነው። ላዩ ወንፊት ነው። ከወንፊቱ ሥር ጉሮሮ የሚለው የላሜራ ቧንቧ ወደ ታች ይወርድና ግማሹ ውኃ የሆነ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ቬንትሌተሩ ከበርሜሉ ወዲያ ሆኖ አየሩን ይስባል። ሴቶቹ መሬት ላይ መቀመጣቸው ቀርቶ ወንበር ላይ ሆነው፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀነጥሳሉ። ቡናኙ ከዛላው ሲነሣ ወደ ላይ ሳይወጣ ወደ ታች ይሳባል፤ ውኃው ይይዘዋል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ክቡር ኢንጂነር ግን በስተቀኝ በኩል ማንም ያላዘዘውን አንድ ነገር ጨመረበት፦ እንጨቱን ራሱ የሚቆርጥ፣ የሚሽከረከር ቢላዋ።

የተሞከረው ሰኞ በማለዳ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንም አልተጠራም። እኔ የሄድኩት ልጽፍ አልነበረም። ሞተሩ ሲነሣ ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን። ምንም አልመጣም። እትዬ የሺ መቀንጠስ ጀመሩ። ማሂራ ጀመረች። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሙናዊር ግድግዳውን ተደግፎ የሴቶቹን ደረት ያዳምጣል። እትዬ የሺ ለሃያ ሁለት ዓመት አፍንጫቸው ላይ ታስሮ የኖረውን ሻሽ ፈቱት። ፈትተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። አላሳላቸውም።

ሰዓቱ ሲሞላ ሙናዊር የበርሜሉን ክዳን አነሣ። ውኃው ደም መስሏል። ማሂራ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ብዙ ቆየች።

«ይሄ ሁሉ» አለች፣ «እኛ ውስጥ ነበር የሚገባው?»

ሙናዊር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም አንድ ጆንያ ላይ የተጻፈውን ነገር ለማንበብ ሞከርኩ፤ ፊደሉ ግን አልታየኝም።

ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ጋሽ ኻሊድ ጋ ደረሰ። መጡ፤ ጠረጴዛውን ዞረው አዩት፤ ዓይናቸው የቆመው ግን ቢላዋው ላይ ነው። አንድ እፍኝ ዛላ ጨመሩበት። ቢላዋው እንጨቱን እየቆረጠ አወጣው። ጋሽ ኻሊድ ፈገግ አሉ።

«ኢንጂነር» አሉት፤ ሳይቀልዱ በዚህ ስም ሲጠሩት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «በዚህ ከሆነ ለአሥራ ሁለት ሰው ሥራ ሦስት ሰው ይበቃኛል። ስድስት ሥራልኝ።»

ለሙናዊር ፈጠራ በሕይወቱ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ነው። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። ወዲያው ግን የማሂራን እጅ አየ። እጇ ዛላ እንደያዘ ቆሟል። እትዬ የሺ የፈቱትን ሻሽ ቀስ ብለው አጣጥፈው ያዙ።

«አንድ ቀን ይስጡኝ፣ ጋሼ» አለ ሙናዊር።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከቆርቆሮው ወዲያ ካቻቢቴ ሲዞር ሰማሁና ገባሁ። ጠረጴዛውን ወደ ወርክሾፑ አስመልሶ ቢላዋውን እየፈታ ነው።

«ምን ነካህ? ዕድሜህን ሙሉ የማይሠራ ነገር ስትሠራ ኖረህ፣ አሁን የሚሠራ ነገር ስታገኝ ታፈርሰዋለህ?»

«የሠራሁት ሳሉን እንዲያባርር ነው» አለ ቀና ሳይል። «ሰዎቹንም ካባረረ ለማን ብዬ ሠራሁት?»

«ኻሊድ ካልገዛህስ?»

«ምድጃ እሠራለሁ።»

አንድ ወር ምድጃ ሲሠራ ምን እንደመሰለ አይቼዋለሁ። ይህን ያለው ዋጋውን እያወቀ ነው።

ጋሽ ኻሊድ መጥተው ቢላዋውን ሲያጡት ተቆጥተው ሄዱ። ያኮረፉ ሰው ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይሄ ታሪክ እዚህ ላይ በቀለለኝ። በሦስተኛው ቀን እትዬ የሺ በሙከራው ቀን ቢላዋው የቆረጠውን ዛላ በሰፌድ ይዘው ጋሽ ኻሊድ ቢሮ ገቡ። እኔም ወንፊት ለማድረስ በሚል ሰበብ ተከትዬ ገባሁ።

«እስቲ ይሄን ይሰንጥቁት» አሏቸው።

ጋሽ ኻሊድ አንዱን ዛላ ሰነጠቁት። ውስጡ ነጭ ሻጋታ ነው። ሌላ ሰነጠቁ። ደህና ነው። ሦስተኛው እንደገና ሻጋታ።

«ቢላዋው እንጨቱን ይቆርጣል» አሉ እትዬ የሺ። «ሻጋታውን ግን አያይም። እኛ ዛላውን ጣታችን ላይ ሲያርፍ በክብደቱ እናውቀዋለን። የጋሽ ኻሊድ በርበሬ ንጹሕ ነው ተብሎ ከክፍለ ሀገር ድረስ ገዢ የሚመጣው በማን እጅ መሰለዎት?»

ጋሽ ኻሊድ ሰፌዱን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ አንገታቸውን አከኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ታውቂ ነበር?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ስድስቱ ጠረጴዛዎች ያለ ቢላዋ ታዘዙ። ከሁለት ወር በኋላ ጋሽ ኻሊድ ራሳቸው ሱቄ መጥተው፣ ሴቶቹ ለመሳል እየተነሡ መውጣታቸው ስለቀረ በቀን የሚያልፈው ጆንያ እንደበዛ እንደ ራሳቸው ግኝት አድርገው ነገሩኝ። አሥራ ሁለቱም ሴቶች አሉ። እትዬ የሺ አልፎ አልፎ ያስላቸዋል፤ የሃያ ሁለት ዓመት ነገር በአንድ ክረምት አይወጣም። ማሂራ ግን ድምፅዋ ተመልሷል፤ ስትቀነጥስ ታንጎራጉራለች፣ ያውም ጥሩ አድርጋ።

ጋሽ ኻሊድ አንድ ቅሬታ ብቻ አላቸው። ከስድስቱ ጠረጴዛዎች ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። ክቡር ኢንጂነር አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መሥራት አይችልም፤ ሁለተኛው ላይ የወንበሩን ቁመት ቀየረ፣ ሦስተኛው ላይ ለእግር ማሳረፊያ ጨመረ፣ አምስተኛው ላይ ለምን እንደሆነ የማይታወቅ መሳቢያ አለ። ሴቶቹ መሳቢያው ውስጥ ምሳቸውን ያኖሩበታል።

በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ስለ ኢኖቬሽን የተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ተጋበዝኩ። ምንጣፉ ወፍራም፣ ውኃው በጠርሙስ ነው። አንድ ምሁር ፈጠራ ምን እንደሆነ በአሥራ አራት ነጥብ አስረዱን። ሁሉንም ጻፍኳቸው፣ ጥሩ ነጥቦች ናቸው። አዳራሹን ዞሬ ሳይ ግን ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበት ሰው አንድም አጣሁ። እጄን አውጥቼ ልናገር አሰብኩ፤ ምን እንደምል ግን አላወቅሁም። ‹አንድ ሰው አለ፣ ሴት ስታስል ሰምቶ መዶሻውን አቆመ› ብል በየትኛው ነጥብ ሥር ይመዘግቡታል?

ስመለስ ለሙናዊር ስለሱ እንደገና ልጽፍ ነው አልኩት። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ያንተ ጽሑፍ ለምንድነው ሁልጊዜ ሰው የወደቀበት ላይ የሚያልቀው?» አለኝ። «ማን አለ እንዲህ ይሁን ብሎ?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል እዋሻለሁ፤ ተኝቻለሁ። ግን ጠዋት ስነሣ ጥያቄው እዚያው ነበር። ሃያ ዓመት ሰው ላይ ስቄ ስጽፍ አንድም ጊዜ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ብረት ቀጥቃጭ ጎረቤቴ ጠየቀኝ። ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ሙከራዬ ነው፤ ቢያስነጥሳችሁ ይቅርታ።

ባለፈው ረቡዕ አንድ ሰው ሱቄ በር ላይ ቆመ። ኮቱን የመንገድ አቧራ አልብሶታል።

«ከሃላባ ነው የመጣሁት» አለኝ። «በርበሬ ነጋዴ ነኝ። የበርበሬ ሳል የሚያጠፋ ጠረጴዛ የሚሠሩ ሰው እዚህ አሉ ተብዬ ነበር። ያውቋቸዋል?»

ሙናዊር በዚያ ሰዓት በርበሬ በረንዳ ነበር፣ አንድ ጉሮሮ ሊጠግን ሄዶ። መንገዱን በጣቴ ማሳየት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ገበያ በደራበት ሰዓት፣ ድስት የያዘች ደንበኛ አቁሜ፣ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። በተሸካሚውና በጋሪው መሀል እየተሽሎከለክን ስለ ጉሮሮው ስፋት፣ ስለ ውኃው ልክ፣ አቧራ ስለማይገፋበትና ስለሚሳብበት ምክንያት አስረዳሁት። ፍጥነቴ ለራሴም ገረመኝ። ሰውየው ከኋላዬ እየተከተለ ፈገግ ይላል።

«በጣም ይኮሩባቸዋል መሰለኝ» አለኝ። «ወንድምዎ ናቸው?»

«አዎ» አልኩት፣ ሳላስበው።

«ስማቸውን ማን ልበል?»

«ሙናዊር ከድር።»

«የርስዎስ?»

«ጴጥሮስ ሀብተ ወልድ።»

ሰውየው እርምጃውን አዘገየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«በእናት ነው የምትገናኙት?»

«የለም» አልኩት፣ «በምናለሽ ተራ ነው።»